አያ ጅቦ ሴት ናት

አዲስ አበባ፣ ለቡ ላይ የመጨረሻው ሚኒባስ ተሳፋሪውን አራግፎ ከገባ፣ የግንባታ ጥበቃዎቹም በየቆርቆሮ ዳሳቸው እሳት አንድደው ጋቢያቸውን ከደረቡ በኋላ፣ ከፉሪ ተራራ በኩል አንድ ድምፅ የሚመጣበት ሌሊት አለ። ዝቅ ብሎ ይጀምራል፤ እየወፈረ ይመጣና መጨረሻው ላይ ሽቅብ ተስቦ ይቋረጣል። ትንሽ ቆይቶ ይደገማል። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይንጫጫል። አልተኛ ያለ ልጅ ያስቸገራት እናት አጋጣሚውን አታሳልፈውም፦ «ሰማህ? አያ ጅቦ ነው። ዝም ካላልክ ይመጣልሃል።»

«አያ» የአክብሮት ቃል ነው። በገጠሩ አማርኛ ታላቅ ወንድምና ጠና ያለ ጎረቤት «አያ» ተብሎ ይጠራል። ሴት ብትሆን «እትዬ» ወይም «እመት» ትባል ነበር። ተረት ይህን ልዩነት ጠንቅቆ ያውቃል፤ ጦጣን «እመት ጦጢት» እያለ ጅብን ግን «አያ ጅቦ» ይላል። ቋንቋውም ያግዘዋል። አማርኛ ትንሹንና የማያሰጋውን እንስሳ ሴት ማድረግ ይወዳል፦ አይጧ፣ ድመቷ፣ ጥንቸሏ። የሚያስፈራው ወንድ ነው፦ አንበሳው፣ ዘንዶው፣ ጅቡ። ስለዚህ በለቡም ሆነ በጎንደር ጓሮ ሌሊት የሚሰማው አውሬ ከጥንት ጀምሮ ወንድ ነው፤ ያውም የተከበረ ወንድ።

የጅብ መንጋ አለቃ ግን ሴት ናት። ከእሷ ቀጥለው ልጆቿ፣ ከልጆቿ ቀጥለው ሌሎቹ ሴቶች ከነልጆቻቸው በማዕረግ ተደርድረው ይወርዳሉ። ከሌላ መንጋ የመጡት ጎልማሳ ወንዶች ቦታቸው ከሁሉም በታች ነው። ከጡት የወረደች የአለቃዋ ግልገል ግዙፉን ወንድ ከሥጋ ላይ ስታባርረው፣ እሱ ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ጅራቱን እግሩ መሀል ከቶ ይሄዳል።

ሰው ከዚህ እንስሳ ጋር በአንድ ግቢ አጥር ሥር ለብዙ ዘመን ሲኖር እንዴት ይህን ሳያይ ቀረ? ወይስ አይቶት ሌላ ስም ሰጠው? የጅብና የሰው ጉርብትና ታሪክ፣ በኢትዮጵያ በኩል ሲታይ፣ በከፊል የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው።

ለቡ ራሱ የትናንት ከተማ ነው። ዛሬ ፎቅ፣ ኮንዶሚኒየምና ቪላ የተደረደረበት መሬት በነባር ነዋሪዎች ትዝታ ውስጥ ገና መረሬ ነው፤ በክረምት ጫማ ውጦ የሚያስቀር፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ የከብት እግር የሚይዝ ጥቁር አፈር። ከአጠገቡ የፉሪ–ለቡ ባቡር ጣቢያ አለ፤ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መንገደኞቹን የሚጭንበት ጣቢያ ነው። ብዙም ሳይርቅ ደግሞ ከተማዋ ለግማሽ ክፍለ ዘመን ቆሻሻዋን ስትከምርበት የኖረችው ቆሼ አለ። ተራራ፣ እርሻ፣ ወንዝ፣ የቆሻሻ ክምር፤ ጅብ ከዚህ የተሻለ ሰፈር ምረጥ ቢባል አያገኝም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ስትቆረቆር ጅቡ ቀድሟት ነበር ማለት ይቀላል። ድንኳኑና ጎጆው እየበዛ ሲሄድ የሚታረደውም በዛ፤ የሚጣለው አጥንትና ፈርስ በዛ፤ የሞተ የጭነት ከብት በየሜዳው ቀረ። የጽዳት ሠራተኛ የሚባል ነገር ባልነበረበት ዘመን ሌሊቱን የሚያጸዳው ጅብ ነበር። በጎረቤትነቱ የሚፈራ፣ በሥራው የማይባረር። የጅብ ኩስ ሲደርቅ ኖራ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ ውሻ ያቃተውን አጥንት ሰባብሮ ስለሚፈጨው ከሆዱ የሚወጣው ካልሲየም ነው።

ስለ ጅብ ጾታ የተጻፈው ወሬ ግን ከአዲስ አበባ በሁለት ሺህ ዓመት ይበልጣል። የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን ጅብ ወንድም ሴትም ነው የሚለውን ወሬ አንስቶ «ሐሰት ነው» ብሎ ደምድሟል። ከጅራቱ ሥር ያለ ክፍተት ሰዎችን እንዳሳሳታቸውም ገልጿል። ልክ ነበር፤ ችግሩ እሱ የመረመረው ባለ መስመሩን ጅብ መሆኑ ላይ ነው። ባለ ነጠብጣቡን፣ ማለትም በለቡ ሌሊት የሚጮኸውን፣ ቢመረምር ኖሮ ነገሩ ይህን ያህል አይቀለውም ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለቱም አሉ፤ ገበሬው ግን ሁለቱንም ጅብ ብሎ ያልፋል። ሮማዊው ፕሊኒ ደግሞ አርስቶትልን ጠቅሶ ወሬውን ማስተባበሉን ሳይረሳ፣ ጅብ አንድ ዓመት ወንድ አንድ ዓመት ሴት ይሆናል የሚለውንም ጽፎ አቆይቷል። «ክሮኮታ» ስለሚባል የኢትዮጵያ አውሬም አንስቷል፤ የባለ ነጠብጣቡ ጅብ ሳይንሳዊ ስም «ክሮኩታ ክሮኩታ» የመጣው ከዚሁ ጥንታዊ ቃል ነው።

ወሬው ወደ ግዕዝም ገብቷል። በአክሱም ዘመን ከግሪክ የተተረጎመው «ፊሳልጎስ» የእንስሳትን ጠባይ እያነሳ ምሥጢሩን ለሃይማኖት ትምህርት የሚያውል መጽሐፍ ነው። የዚህ መጽሐፍ ጅብ አንዴ ወንድ አንዴ ሴት የሚሆን ፍጥረት ነው፤ ትርጓሜውም በሁለት ልብ የሚያመነታ ሰው ማለት ነው። ጀርመናዊው ፍሪትስ ሆምል የግዕዙን ፊሳልጎስ እ.ኤ.አ. በ1877 አሳተመው። በዚያው ዓመት፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ ይመስላል፣ ሞሪሰን ዋትሰን የተባለ የአናቶሚ ሊቅ የሴት ባለ ነጠብጣብ ጅብን የመራቢያ አካል መርምሮ ለለንደን የእንስሳት ጥናት ማኅበር አቀረበ። የጥንቱ ወሬና የወሬው ምክንያት በአንድ ዓመት ታተሙ።

ዋትሰን ያገኘው እንዲህ ነው። የሴቷ ቂንጥር ረዝሞ የወንድ ብልት መስሏል፤ ከንፈሮቹ ገጥመው የወንድ ከረጢት መስለዋል። ሽንቷን የምትሸናው፣ ከወንድ የምትገናኘው፣ ልጅ የምትወልደውም በዚሁ በረዘመው አካል በኩል ነው። ሌላ በር የላትም። ከአጥቢ እንስሳት መካከል በዚህ መንገድ የምትወልድ ሌላ አልተገኘችም። እንግዲህ ሁለት ጅቦች ጎን ለጎን ቆመው ያየ የጥንት እረኛ «ሁሉም ወንድ ናቸው» ቢል፣ ከመካከላቸው አንዱ ሲወልድ ደግሞ «ተለወጠ» ቢል ምን ይፈረድበታል? አየ፤ ያየውን ተናገረ።

ጎንደርን እ.ኤ.አ. በ1770ዎቹ መግቢያ ያያት ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ ጾታቸው አልተጨነቀም፤ የተጨነቀው ለእግሩ ነበር። ከተማዋ ከምሽት እስከ ንጋት በጅብ ትሞላ እንደነበር፣ በአደባባይ የተገደሉ ሰዎች ሬሳ ሳይቀበር ስለሚቀር ከየአካባቢው ተራራ እየወረዱ ይመጡ እንደነበር ጽፏል። ንጉሡ ዘንድ አምሽቶ አደባባዩን ሲያቋርጥ፣ የታጠቁ ሰዎች ከበውት እንኳ፣ በጨለማ ዙሪያውን የሚያጉረመርሙት ጅቦች ባቱን እንዳይነክሱት ይፈራ ነበር። አንድ ሌሊት ደግሞ በጉዞ ላይ ሳለ ኮከብ ሲለካ ቆይቶ ወደ ድንኳኑ ሲመለስ ሁለት ዓይኖች ከአልጋው ራስጌ አፈጠጡበት። መብራት ሲያስመጣ ትልቅ ጅብ ነው፤ በአፉ የታሰረ ሻማ እቅፍ ይዟል። ብሩስ በጦር ወጋው። በመጽሐፉ ውስጥ ያ የሻማ ሌባ «እሱ» ነው፤ እሷ ትሁን እሱ ግን ማንም ገልብጦ አላየም፤ ገልብጦ ቢያይም አይለይም ነበር።

የጅብ «መለወጥ» በአገሩ ሰው ዘንድ ሌላ መልክ ነበረው፤ ይህኛው ደግሞ ሰው ጎድቷል። ቀጥቃጭ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለው እምነት በትግራይም በጎንደርም በሸዋም ሥር የሰደደ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በትግራይ ለዓመታት የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ፣ ጆሯቸው ላይ ቀለበት ስለተገኘባቸው የተገደሉ ጅቦች ጽፏል፤ ቀለበቱ የሰውየው የጆሮ ጌጥ ነው ተብሎ ይታመን ነበርና። በዚህ ወሬ የተነሳ ማረሻና ማጭድ የሚሠራው፣ ሸክላ የምትሠራዋ፣ «ቡዳ» ተብለው ከጋብቻና ከማዕድ ተገልለው ኖረዋል። ስለ ጅብ ከተነገሩት ስህተቶች ሁሉ ዋጋ ያስከፈለው ይኸኛው ነው፤ የከፈሉትም ሌሎች ናቸው።

ወሬውን የሚያባብስ ዘመንም አልጠፋም። ከብት በበሽታ ባለቀበትና ረሃብ አገሩን በመታበት በክፉ ቀን፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም፣ የሚቀብር ጠፍቶ አውሬ የሰው ሥጋ ለመደ። ጅብ በቀን ሰው ያዘ የሚለው የዚያ ዘመን ትዝታ በተረት ብቻ የቀረ አይደለም፤ የዓይን ምስክሮች ጽፈውታል።

ሐረር ግን ሌላ መንገድ መረጠች። የጀጎል ግንብ ላይ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ አለ፤ በሐረሪ ቋንቋ «ወራባ ኑዱል» ይባላል፤ ወራባ ጅብ ነው። ጅቡ ሌሊት ገብቶ የመንገዱን ቆሻሻ ይበላል፤ እንደ ከተማዋ ሰዎች እምነት ጂንም ይበላል። በአሹራ ቀን ገንፎ በቅቤ ተሠርቶ ይቀርብለታል፤ ደስ ብሎት ከበላ ዓመቱ ጥጋብ ነው። አፈ ታሪኩ ይህን ልማድ ከጥንት ረሃብ ያያይዘዋል፦ የተራበ ጅብ ሰው እንዳይነካ በገንፎ ቃል ኪዳን ተገባ ይላል። ለቱሪስት ማታ ማታ ሥጋ በእንጨት ጫፍ ማጉረሱ ግን ጥንታዊ አይደለም፤ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። አውስትራሊያዊው አንትሮፖሎጂስት ማርከስ ቤይንስ-ሮክ ከሐረር ጅቦች ጋር ብዙ ሌሊት አሳልፎ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተመው መጽሐፍ የከተማዋ ሰዎች ጅብን እንደ ጎረቤት እንዴት እንደሚያዩት ዘርዝሯል።

የሐረር ጅብ አጉራሾች አንድ ነገር ሳይማሩ ያውቃሉ፤ ጅቦቹን አንድ በአንድ በስም ይጠራሉ፤ ማን ቀድሞ እንደሚቀርብ፣ ማን ዳር ቆሞ እንደሚጠብቅ ይለያሉ። ይኸው ነው ሳይንቲስቶች በኋላ የመጡበት። ኔዘርላንዳዊው ሃንስ ክሩክ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሴሬንጌቲና በንጎሮንጎሮ ጅቦችን አንድ በአንድ ለይቶ ሌሊት ሌሊት ሲከተል፣ ጅብ የሌላ አዳኝ ትርፍ ለቃሚ ብቻ ሳይሆን ራሱ የሚያድን፣ በመንጋ የተደራጀ፣ ሴቶች የበላይ የሆኑበት እንስሳ መሆኑን አሳየ። መጽሐፉ በ1972 ወጣ።

ሴቶቹ ለምን የበላይ ሆኑ? የመጀመሪያው መልስ የመጣው ከአንዲት ትንሽ እንስሳ ነው።

ጊኒ ፒግ ከደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራራዎች የወጣች፣ ጅራት የሌላት፣ ከአይጥ ከፍ ያለች የቤት እንስሳ ናት። በአገራችን ከላቦራቶሪ ውጪ ብዙም አትታወቅም። ሴቷ በየ16 ቀኑ ገደማ ወንድ ትፈልጋለች፤ በዚያ ሰሞን ወገቧን እያወዛወዘች፣ ጉሮሮዋ ውስጥ እያጉረመረመች፣ በሌሎቹ ሴቶች ጀርባ ላይ እንደ ወንድ ትወጣለች። ለሚያሳድጋት ሰው እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ለለቡ የድሮ ገበሬ ግን አይሆንም። ላም ኮርማ ስትፈልግ በጓደኞቿ ላይ እንደምትወጣ ከልጅነቱ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1959 በአሜሪካ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ቻርልስ ፊኒክስ፣ ሮበርት ጎይ፣ አርኖልድ ጄራልና ዊልያም ያንግ ለነፍሰ ጡር ጊኒ ፒጎች ቴስቶስቴሮን ሰጡ። የተወለዱት ሴቶች ሲያድጉ እንደ ወንድ በሌሎች ላይ መውጣት አበዙ፤ የሴትነት ጠባያቸውም ቀነሰ። ሆርሞን በማኅፀን ውስጥ ሳለ የጽንሱን ጠባይ ለዕድሜ ልክ ይቀርጻል የሚለው ሐሳብ ከዚህ ሙከራ ተወለደ። ጽሑፉ ዛሬም ድረስ ይጠቀሳል።

ሐሳቡን ለመፈተን ከጅብ የተሻለ እንስሳ አልነበረም፤ ተፈጥሮ ራሷ የጊኒ ፒጎቹን ሙከራ በትልቁ የሠራችባት ትመስላለችና። ስቲቨን ግሊክማንና ሎረንስ ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 ከኬንያ 20 የጅብ ግልገሎች ወስደው በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ኮረብታ ላይ ማሳደግ ጀመሩ። ነገሩ መጀመሪያ ላይ የተሳካ መሰለ። የሴቷ ኦቫሪ አንድሮስቴንዲዮን የሚባል ሆርሞን በብዛት ያመነጫል፤ በእርግዝና ጊዜ ይህ ሆርሞን በእንግዴ ልጁ ውስጥ ሲያልፍ ወደ ቴስቶስቴሮን ይለወጣል። ጽንሷ፣ ሴትም ብትሆን፣ በወንድ ሆርሞን ውስጥ ታድጋለች። መልሱ ይኸው ተባለ።

ከዚያ ነገሩ ተወሳሰበ። ተመራማሪዎቹ የወንድ ሆርሞንን የሚያግድ መድኃኒት ለነፍሰ ጡር ጅቦች ሰጡ። የተወለዱት ሴቶች አካላቸው መጠነኛ የቅርጽ ለውጥ ታየበት እንጂ ያ ረጅም አካል ቀርቶ አልተወለዱም። አዋቂ ሴቶች ሲመረመሩም በደማቸው ያለው ቴስቶስቴሮን ከሌላ መንጋ ከመጡት ጎልማሳ ወንዶች አይበልጥም። አለቃዋ ከምትገዛቸው ያነሰ «የወንድ ሆርሞን» ይዛ ትገዛለች።

እንዲያም ሆኖ ሆርሞን ከጨዋታው አልወጣም። ኬይ ሆልካምፕ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በኬንያ ማሳይ ማራ ባቋቋመችው ጥናት ውስጥ የእርጉዝ ጅቦች ኩስ ተሰብስቦ ሲመረመር፣ በእርግዝናቸው ሁለተኛ አጋማሽ ከፍተኛ ማዕረግ ያላቸው እናቶች ከዝቅተኞቹ የበለጠ የወንድ ሆርሞን ታየባቸው፤ የእነሱ ልጆችም፣ ወንድም ይሁኑ ሴት፣ ይበልጥ ተደባዳቢና በሌሎች ላይ የሚወጡ ሆኑ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ታተመ። የጊኒ ፒጎቹ ጥላ እዚህም አለ።

ግን ማዕረግ ከደም ብቻ አይወረስም። ሥጋ ላይ የሚሆነውን ቀረብ ብሎ ማየት ነው። የሞተ አህያ ዙሪያ ሃያ ጅብ ተሰብስቧል እንበል። የአለቃዋ ግልገል ወደ አንዲት ትልቅ ሴት ሄዳ ፊቷ ላይ ታጉረመርማለች። ትልቋ አንድ ጊዜ ብትነክሳት ግልገሏ ትሞታለች። ግን አትነክስም፤ ምክንያቱም ከግልገሏ ኋላ እናትየው አንገቷን ቀና አድርጋ ጅራቷን አቁማ መጥታለች። እንዲህ ሲደጋገም ግልገሏ የምትደፍራቸውን፣ እነሱም የማይደፍሩትን ይማራሉ። በመጨረሻ የልጅ ማዕረግ ከእናቷ ቀጥሎ ይሆናል፤ ይባስ ብሎ ከታላላቅ እህቶቿ በላይ። በእኛ አገር በኩር ሲከበር፣ በጅብ ቤት ታናሿ ትበልጣለች። በሴሬንጌቲ ደግሞ የማሪዮን ኢስትና የባልደረቦቿ ጥናት ሌላ ነገር አሳየ፦ በሌላ እናት የተወሰዱ ግልገሎች የያዙት የወላጅ እናታቸውን ማዕረግ አይደለም፤ የአሳዳጊያቸውን ነው። የማኅፀኑ ሆርሞን የወላጅ ነው፤ ማዕረጉ ግን የሚገኘው ጀርባ ከሆነችው እናት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ከንጎሮንጎሮ የወጣው የኮሊን ቩሊዩድ፣ የኦሊቨር ሆነርና የባልደረቦቻቸው ጥናት ጉዳዩን ጠቅልሎ አቀረበው። ሁለት ጅቦች ሲጋጠሙ ማን እንደሚያሸንፍ የሚወስነው ጾታ አይደለም፤ ክብደትም አይደለም፤ ከጎኑ የሚቆም ወገን ብዛት ነው። ሴቶች በተወለዱበት መንጋ ስለሚቀሩ እናት፣ እህት፣ አክስት አላቸው። ወንዱ ግን ሲደርስ አገሩን ጥሎ ይሰደዳል።

«ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይላል ያገራችን ሰው። ግማሹ እውነት ነው። ጅብ በእርግጥ የማያውቁት አገር ይሄዳል፤ የሚሄደውም ወንዱ ነው። ቁርበት አንጥፉልኝ ማለት ግን አይታሰብም። አዲስ መጤው ለሳምንታት በመንጋው ዳር ዳር ይላል፤ ይነከሳል፤ ይባረራል። ሲገባ ከሁሉም በታች ይገባል፤ ቀድመውት ከመጡት ወንዶች ኋላ ተራ ይዞ ይጠብቃል። ማዕረጉ የሚሻሻለው በፊቱ ያሉት ሲሞቱ ወይም ሲሄዱ ነው፤ በጉልበት አይደለም። «የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል» የሚለውም እንዲሁ፣ ጅብን በቅርብ ያየ ሰው የተናገረው መሆን አለበት። ዝቅ ያለው ጅብ መቸኮሉ የጠባይ ጉዳይ አይደለም፤ ባለማዕረጎቹ ሲደርሱ የሚቀረው ቀንድና ሰኮና ነውና።

ሳቁም ማዕረግ አለው። ጅብ ሥጋ ሲነጠቅ ወይም ሲሳደድ የሚያሰማው ያ ማውካካት፣ በበርክሌይ ከነበሩ 26 ጅቦች ተቀርጾ ሲጠና፣ የድምፁ ቅጥነት የጅቡን ዕድሜ፣ የድምፁ መለዋወጥ ደግሞ ማዕረጉን እንደሚናገር ታወቀ።

ይህ ሁሉ የበላይነት ለሴቷ በነፃ አልመጣላትም። ከ110 ቀን ገደማ እርግዝና በኋላ በዚያ ጠባብና ረጅም መንገድ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ አካሏ ይተረተራል። እትብቱ ከመንገዱ ስለሚያጥር ብዙ የበኩር ግልገሎች ከመወለዳቸው በፊት ታፍነው ይሞታሉ፤ እናትየዋም የምትሞትበት ጊዜ አለ። በሕይወት የሚወለዱት ዓይናቸው ተገልጦ፣ ጥርሳቸው በቅሎ ይመጣሉ፤ መንትዮች ከሆኑ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መነካከስ ይጀምራሉ። በሌላ በኩል፣ አካሏ እንዲህ በመሆኑ ካልፈቀደች ማንም ወንድ ሊያስገድዳት አይችልም። ወንዱ ተለማምጦ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ወደ ፊት ሄዶ ወደ ኋላ ሸሽቶ ነው የሚቀርባት። አንዳንዱ ለዓመታት እንዲህ ይከተላታል።

ወደ ኢትዮጵያ እንመለስ። የጅብና የሰው ኑሮ ምን ያህል የተጠላለፈ እንደሆነ ያሳየው ጥናት የተሠራው በትግራይ ነው። በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ ከዓቢይ ጾም በፊት፣ በ55ቱ የጾም ቀናትና ከፋሲካ በኋላ የጅብ ኩስ ሰብስበው በውስጡ የተገኘውን የእንስሳ ጠጉር ለዩ። ከጾሙ በፊት የአህያ ጠጉር የተገኘበት ኩስ 14.8 በመቶ ነበር፤ በጾሙ ጊዜ 33.1 በመቶ ደረሰ፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ 22.2 ወረደ። ሰው ሥጋ ሲያቆም የሚጣል አጥንትና ፈርስ ይጠፋል፤ ጅብ ደግሞ አይጾምምና ወደ አህያ ይዞራል። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ታተመ። በዚያ ሰሞን አህያዋን በረት ሳታስገባ ያደረች ሴት ግን ይህን ለማወቅ መጽሔት አላስፈለጋትም፤ «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» የሚለው ተረትም ቢሆን በአህያ አፍ ነው የሚነገረው።

ዛሬ ለቡ ላይ ጅብ ከመረሬው ጋር አብሮ አልሄደም፤ ወደ ፉሪ፣ ወደ ወንዝ ዳሩ፣ አጥር ወዳልዞረው መሬት ተጠግቷል። ጎሬው ውስጥ አንዲት ሴት ግልገሎቿን ታጠባለች፤ ከአንድ ዓመት በላይ ታጠባለች፤ ጡትም የምታጠባው አብዛኛውን ጊዜ የራሷን ልጅ ብቻ ነው። ከጎሬው ደጃፍ አያ ጅቦ የተባለው ጎልማሳ ተራውን ይጠብቃል።

የዚያ የሌሊት ድምፅ ጉዳይ ግን ልጇን በአያ ጅቦ ያስፈራራችውን እናት ስህተት ግማሽ ይቅር ያሰኛል። ማሪዮን ኢስትና ሄሪበርት ሆፈር እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት የሴሬንጌቲ ጥናት የማንን ድምፅ ምን ያህል እንደሰሙ ቆጥረው ነበር። እያንዳንዱ ጅብ የራሱ የሚለይ ጩኸት አለው፤ ግልገል ሲጮህም የምትመጣው እናቱ ናት። ሌሊት ሌሊት አብዝቶ የሚጮኸው ግን ጎልማሳው ወንድ ነው። ሴቶቹ የሚጮኹት ከእሱ ባነሰ ቁጥር ነው።